ሳትጠይቁኝ ለምን አነሳችሁኝ?

በዚህ ወር የደረሱኝን ደብዳቤዎች አንድ ላይ ሳነብ ሁሉም ዞረው ዞረው ስለ ስልክ ሆኑብኝ። ደብዳቤ ስል በቴሌግራም የሚመጣውን ማለቴ ነው። በወረቀት የመጣው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም በሚያምር የእጅ ጽሑፍ። አንድ የቁጣ ደብዳቤም አለ። ቁጣው በእኔ ላይ ስለሆነ ወደ መጨረሻ ገፍቼዋለሁ፣ ይቅር በሉኝ። ስማችን ይቅር ስላላችሁ የሀዋሳ ክፍለ ከተማችሁን ብቻ ጽፌያለሁ።

ጸሎት ላይ እያለቀስኩ ቲክቶክ ላይ ወጣሁ

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ከሁለት ወር በፊት ጓደኛዬ ወደምትሄድበት ቸርች ለጸሎት ሄድኩ። በዚያን ሰሞን ብዙ ነገር ተደራርቦብኝ ነበር። ሲጸለይልኝ አለቀስኩ፣ ወደቅኩም። ከዚያ ማይክ አስጠግተው ምን እንደሆንኩ ጠየቁኝ፣ እኔም ስለ ትዳሬና ስለ ሕመሜ ተናገርኩ። በሳምንቱ ቪዲዮው ቲክቶክ ላይ ወጣ። መሥሪያ ቤት ያላየው የለም። የባሌ እህት ከሻሸመኔ ደውላ «ምን ጉድ ነው የምሰማው?» አለችኝ። አጥፉልኝ ብላቸው «ምስክርነትሽ ለብዙዎች በረከት ሆኗል» ይሉኛል። ካሜራ እንዳለ አይቻለሁ፣ አልዋሽም። መብት አለኝ ወይ? (ከታቦር)

መልስ፦ አለሽ እህቴ።

«ካሜራ እንዳለ አይቻለሁ» ያልሽው ነገር እንቅልፍ እንደሚነሳሽ ይገባኛል። ግን ካሜራ ማየት ሌላ፣ እሺ ማለት ሌላ። መሬት ላይ ወድቆ የሚያለቅስ ሰው ተስማማ አይባልም።

ሕጉ ደግሞ ከቲክቶክ በዕድሜ ብዙ ይበልጣል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው፤ ሀዋሳ ራሷ በተቆረቆረችበት ሰሞን ማለት ነው። አንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በሕዝብ ፊት ሊታይ፣ ሊባዛ ወይም ሊሸጥ እንደማይችል ይናገራል። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ 28 ግን በሮች ይከፍታል። ሰውየው የታወቀ ሰው ወይም ባለሥልጣን ከሆነ፣ ለፍርድ ወይም ለፖሊስ ሥራ ከተፈለገ፣ ለሳይንስ፣ ለባህል ወይም ለትምህርት ከሆነ፣ ወይም ምስሉ በአደባባይ ከተደረገ ነገር ጋር የተያያዘ ከሆነ ፈቃድ አያስፈልግም። እነሱ የሚይዙት ይቺን የመጨረሻዋን ነው። «ጉባኤው ለሁሉም ክፍት ነበር» ይሉሻል።

እኔ እንዲህ ነው የማየው። የገብርኤል ዕለት አደባባዩን የሞላውን ሕዝብ ከሩቅ የሚያነሳ ሰው እየዞረ እያንዳንዱን ምእመን ያስፈቅድ አይባልም። ያንቺ ግን ሌላ ነው። ፊትሽ ስክሪኑን ሞልቶ፣ ሕመምሽና ትዳርሽ ከሥር በትልቅ ፊደል ተጽፎ፣ ሙዚቃ ተደርጎበት፣ እንደገና እንደገና የሚታይ ነገር የሕዝብ ፎቶ አይደለም። በዚያ ላይ በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 1321፣ ጤናንና ሃይማኖትን ከሌላው በበለጠ ጥንቃቄ መያዝ ካለባቸው መረጃዎች መካከል አስቀምጧቸዋል። ያንቺ ቪዲዮ ሁለቱንም ይዟል። የዚህ አዋጅ አስከባሪ የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፣ አቤቱታ ማስገባት ትችያለሽ።

ግን ከዚያ በፊት አንድ ነገር አድርጊ፤ ዛሬውኑ የቪዲዮውን ሊንክ፣ ቀኑንና የገጹን ስም ስክሪንሾት አንስተሽ አስቀምጪ። ሲያጠፉት ማስረጃሽም አብሮ ይጠፋል፣ ሌላ ሰው አውርዶት በድጋሚ የለጠፈው እንደሆነ ደግሞ ከዜሮ ትጀምሪያለሽ። ከዚያ እነሱ የሚያከብሩት አንድ ትልቅ ሰው ይዘሽ ሂጂ። ብቻሽን አትሂጂ፣ ብቻሽን ከሄድሽ ጸሎት አድርገውልሽ ይሸኙሻል። አጭር ደብዳቤ ስጫቸው፤ «ይህ ቪዲዮ እንዲወጣ ፈቃዴን አልሰጠሁም፣ ሰጥተሻል የምትሉ ከሆነም ዛሬ አንስቻለሁ» ትበል። ኮፒው እጅሽ ላይ ይቅር። ቲክቶክም ላይ ቪዲዮውን ሪፖርት አድርጊ፣ ጓደኞችሽም ያድርጉ። መልስ ቪዲዮ ሠርቼ ልካቸውን ላሳያቸው የምትለዋ ሐሳብ ከመጣችብሽ ግን ስልኩን አስቀምጪና ሐይቅ ዳር ወክ አድርጊ። ያንን ቪዲዮ ያላየው ሁሉ ያኔ ያየዋል።

«ምስክርነት» ስላሉት፤ ምስክርነት እኮ ሰው በእግሩ ቆሞ፣ አስቦበት፣ ልናገር ብሎ የሚናገረው ነው። ካንቺ የወሰዱት ለቅሶሽን ነው።

ደግሞ ይሄን ስል የእነሱን ቤት ብቻ እየነካሁ እንዳይመስል። እኛ ኦርቶዶክሶቹም አልዳንም። ጠበል ቦታ የታመመች ልጅ ስትጮህ ቀርጸው ዩቲዩብ ላይ የሚጭኑ አሉ፣ የልጅቷ እናት አጠገቧ ቆማ ፊቷን በነጠላ ስትሸፍን እየታየች።

እኔንም ደርሶብኛል፣ በቀላሉ ቢሆንም። የጓደኛዬ ሠርግ ላይ ነው፣ እነሱ ጴንጤዎች ናቸው፣ ቀኑም አርብ ነበር። ከፊቴ ጥሬ ሥጋ የሞላ ሳህን አለ። ሳህኑ የኔ አልነበረም! ቪዲዮው ግን እንደዚያ አይልም። እናቴ ጋ ከእኔ ቀድሞ ደረሰ። እስካሁን «የዚያን ዓርቡ» እያለች ትጠራኛለች።

ባለቤቴ ፋይዳ አልወስድም አለች

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። ጡረተኛ ነኝ። ባለቤቴ ፋይዳ 666 ነው ብላ እምቢ አለች። ባንክ ቤት ግን ይጠይቃል፣ ልጆቻችን ከውጭ የሚልኩት ገንዘብ በስሟ ነው የሚገባው። የኔን አሳየኋት፣ ካርድ እንጂ ሌላ ነገር እንደሌለው። እሷ ግን «ዓይንህን ያነሱት ለምንድን ነው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። (ከመሐል ከተማ)

መልስ፦ አባቴ፣ የባለቤትዎ ጥያቄ የሞኝ ጥያቄ አይደለም። «ዓይንህን ለምን አነሱት?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢበዛልን ጥሩ ነበር።

የሚወሰደው ይሄ ነው፦ የአሥር ጣት አሻራ፣ የዓይን ብሌንና የፊት ፎቶ። አብሮ ስም፣ የልደት ቀን፣ ጾታና አድራሻ ይመዘገባል። ምክንያቱ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ እንዳይመዘገብ ነው፤ ጣቱ በሥራ ብዛት የተበላ ሰው፣ ለምሳሌ ገበሬ ወይም ግንበኛ፣ አሻራው አልነበብ ሲል ዓይኑ ይረዳዋል። ሃይማኖት አይጠየቅም። ብሔርም አይጠየቅም። ይህቺን ሁለተኛዋን ይንገሩልኝ፣ ምክንያቱም የድሮው የቀበሌ መታወቂያ ላይ «ብሔር» የምትል መስመር እንደነበረች ሁላችንም እናስታውሳለን፤ በቅርብ ዓመታት በየኬላው ያቺ መስመር ለስንቱ መከራ እንደሆነችም እናውቃለን። በ2015 የወጣው የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ፣ ቁጥር 1284፣ ያንን ትቶታል። እኔ ለራሴ ፋይዳ የወሰድኩት በዋናነት በዚህች ነው።

ስለ 666 የሚመልሱላቸው የነፍስ አባታቸው ናቸው፣ እኔ አይደለሁም። የማውቀውን ያህል ብቻ ልበል፦ ራእዩ በምዕራፍ 13 የሚናገረው በቀኝ እጅ ወይም በግንባር ላይ ስለሚደረግ ምልክት ነው። የምዝገባው ማሽን ጣት ያነባል እንጂ ጣት ላይ የሚያትመው ነገር የለውም።

ፍርሃታቸው ውስጥ ግን አንድ እውነት አለ፣ እሱን አልክድባቸውም። ፓስዎርድ ቢሰረቅ ይቀየራል። ጣት አይቀየርም። ስለዚህ ይህን ሁሉ የሰበሰበ አካል በደንብ ይጠብቀው ብሎ መጮህ የዜጋ መብት ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ደግሞ ሰፈራችን ያለው ነገር ነው። ካርዱን ለማሳተም ምን እናደርጋለን? ፋይሉን በቴሌግራም ለኮምፒውተር ቤት ልጅ እንልካለን። ልጁ ያትምልናል፣ እናመሰግናለን፣ እንሄዳለን። ፋይሉ ግን እዚያው ነው። ባለፈው አንዱ ጋ ገብቼ ዴስክቶፑን ሳይ «ፋይዳ» የሚል ፎልደር ውስጥ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ፎቶው ተደርድሯል፣ የዕቁባችን ዳኛ ሳይቀር። ልጁ ክፉ አይደለም። ማጥፋት እንዳለበት የነገረው ሰው የለም። እናም እርስዎ ሲያሳትሙ አጠገቡ ቆመው ያስጠፉ፣ ከቴሌግራሙም ከማሽኑም። የፋይዳ ቁጥር ሲጠየቁ ደግሞ ከሁለቱ ባለ 16 አሃዙን ይስጡ፣ ባለ 12 አሃዙ የራስዎ ሆኖ ይቅር። ለቤት ደላላ፣ ለአከራይ፣ «ሥራ አስቀጥርዎታለሁ» ለሚል ሰው የካርዱን ፎቶ በስልክ አይላኩ።

ለባለቤትዎ ሰላምታ ያቅርቡልኝ። ጠያቂ ሴት ደስ ትለኛለች።

ለልጄ ድምፅ ስጡልኝ

ጥያቄ፦ የድሮ የክፍል ጓደኛዬ «ልጄ ውድድር ላይ ናት፣ ድምፅ ስጪልኝ» ብላ ሊንክ ላከችልኝ። ስልኬንና የመጣልኝን ኮድ አስገባሁ። አሁን በኔ ስም ለዘመዶቼ ሁሉ «5,000 ብር አበድሩኝ» የሚል እየተላከ ነው። አክስቴ ልካለች! (ከባህል አዳራሽ)

መልስ፦ አይዞሽ። የላከችልሽም እሷ አይደለችም፣ የሷም ቴሌግራም ተወስዶ ነው። ያስገባሻት ባለ አምስት አሃዝ ኮድ የቤትሽ ቁልፍ ነበረች።

አሁን ፍጠኚ። ስልክሽ ላይ ቴሌግራሙ አሁንም ክፍት ከሆነ ዕድለኛ ነሽ፣ ምክንያቱም አዲስ የገባ ሰው ሌሎቹን ስልኮች ለማስወጣት 24 ሰዓት መጠበቅ አለበት፣ አንቺ ግን መጠበቅ የለብሽም። ሴቲንግ፣ ከዚያ ዲቫይስስ ግቢ፣ የማታውቂውን ስልክ ሁሉ አስወጪ። ቀጥለሽ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን የሚለውን ክፈቺና ከኮዱ ሌላ የራስሽን ፓስዎርድ አድርጊ። ስልክ ቁጥርሽን ማን ይየው ለሚለው «ማንም» በይ። ለዘመዶችሽ ደግሞ በቴሌግራም አትጻፊ፣ ደውዪላቸው። መጀመሪያ ለአክስትሽ።

በነገራችን ላይ ብዙ ሰው ቴሌግራም ላይ የሚጻጻፈው ሁሉ ተቆልፎ የሚሄድ ይመስለዋል። ዳር እስከ ዳር የሚቆለፈው ሲክሬት ቻት የሚባለው ብቻ ነው። የተለመደው ቻትና ግሩፕ ኩባንያው ሰርቨር ላይ ይቀመጣል። ዋትስአፕ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መልእክቱን ሁሉ ይቆልፋል። የመታወቂያና የባንክ ነገር የምትላላኩ አስቡበት።

ሽማግሌዎቹን ቀብተው ሐይቁን ተዉት

ጥያቄ፦ ሠዓሊ ነኝ። አንድ ካፌ ግድግዳው ላይ የሲዳማን በዓል ፊቼ ጨምበላላን ሣልልኝ ብሎ ሣልኩ። በዓሉ የሚከበርበት ጉዱማሌ፣ ሽማግሌዎቹ፣ ከጀርባ ሐይቁ። ሁለት ወር ሠራሁት። ከተወሰኑ ወራት በኋላ ስሄድ ሽማግሌዎቹ በነጭ ቀለም ተቀብተዋል። ባለቤቱ «ደንበኞች ባዕድ አምልኮ ነው አሉ፣ ምን ላድርግ» አለኝ። ሐይቁና አባ ኮዳ የሚባለው ትልቁ ወፍ ቀርተዋል፣ ከሥር የኔ ፊርማ አለ። የሐይቁን ሥዕል ደግሞ ቲሸርት ላይ አትሞ ይሸጣል። ልክሰሰው? (ከሐይቅ ዳር)

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጥፎውን ወሬ ላስቀድም። የቲሸርቱ ብር የሱ ሊሆን ይችላል። የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ በትዕዛዝ የተሠራ ሥራ ሌላ ስምምነት ከሌለ የኢኮኖሚ መብቱ ያዘዘው ሰው ነው ይላል። ውል አልተፈራረማችሁም፣ አይደል? በዚህ ከተማ ግድግዳ የሚሥል ሰው ውል ሲፈራረም አላየሁም። የቀለም ዋጋ ተነጋግሮ፣ ማኪያቶ ጠጥቶ፣ በቃ። ከዛሬ ጀምሮ አንድ ገጽ ወረቀት ላይ «ሥዕሉ ግድግዳው ላይ ብቻ ነው፣ ለሌላ ሲፈለግ እንነጋገራለን» ብለህ አስፈርም።

ደህናው ወሬ፣ ሞራላዊ መብት የሚባለው አንተው ጋ ነው ያለው። የሥራው ባለቤት ተብለህ የመጠራት፣ እንዲሁም ሥራህ ተቆርጦ ወይም ተዛብቶ ክብርህን ሲነካ የመቃወም መብት አለህ። ሽማግሌ የሌለበት ፊቼ አንተ የሣልከው ሥዕል አይደለም። ስለዚህ ቢያንስ «ወይ መልሰው፣ ወይ ሁሉንም ቀባው፣ ወይ ስሜን አንሳ» ማለት ትችላለህ። እኔ ብሆን ሦስተኛዋን እጠይቅ ነበር። ከካፌ ባለቤት ጋር ለግድግዳ ፍርድ ቤት መመላለስ ከቲሸርቱ በላይ ያስወጣል።

ባዕድ አምልኮ ስላሉት ሰዎች ሁለት ነገር ልበል። ፊቼ ጨምበላላ በ2008 ዓ.ም. ዩኔስኮ የመዘገበው የሲዳማ የዘመን መለወጫ ነው፤ ቀኑን አያንቶ የሚባሉት አዋቂዎች ሰማይ አይተው፣ ከዋክብት ተከታትለው ነው የሚቆርጡት። በዕለቱ ጉዱማሌ የሚወርደው ሰው ደግሞ ሁሉም አንድ ዓይነት እምነት የለውም። እሑድ ቸርች የማይቀረው ጎረቤቴ ፊቼን አይቀርም። የማይፈልግ ደንበኛ ለራሱ ፊቱን አዙሮ ቡናውን መጠጣት ይችላል። ግድግዳ ተቀብቶ እምነት የጸና የት ነው?

አሁን አንድ ጥያቄ እኔ ልጠይቅህ፣ አትቀየመኝ። እነዚያን ሽማግሌዎች ከየት አምጥተህ ሣልካቸው? የላክልኝን የድሮውን ፎቶ አይቻለሁ። መሐል ያሉት ሰውዬ ማንነቱ በግልጽ የሚለይ የአንድ ሰው ፊት አላቸው፣ ጠባሳቸው ሳይቀር። ከፎቶ ነው የወሰድካቸው። እሳቸውስ ፈቅደዋል? ከላይ ለታቦሯ እህታችን ያነበብኩላት አንቀጽ 27 ለሳቸውም ይሠራል። «በአደባባይ በዓል ላይ ነው ያየኋቸው» ብለህ ታመልጥ ይሆናል። ግን ሄደህ ብታገኛቸው፣ ካፌው የቀባውን ቢሰሙ፣ ካንተ ጠበቃ ይልቅ እሳቸው ባለቤቱን አስቀምጠው ቢያናግሩት ሥዕሉ የሚመለስ ይመስለኛል። የሀዋሳ ካፌ ባለቤት የፍርድ ቤት መጥሪያ ላይፈራ ይችላል፣ ሽማግሌ ግን ይፈራል።

ሁለት አጫጭር

ጥያቄ፦ አጎቴ «ፖለቲካ ላይክ ያደረገ ይታሰራል» ይለኛል። እውነት ነው? (ከመናኸሪያ)

መልስ፦ አጎትህ ስለሚወድህ ነው። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጁ፣ ቁጥር 1185/2012፣ ላይክና ታግ ማድረግን ከማሰራጨት አይቆጥርም። ሼር ግን ማሰራጨት ነው። የጥላቻ ንግግር እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ያስቀጣል። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ ደግሞ እስከ 3 ዓመት ሊደርስበት ይችላል። ሕጉ ይሄ ነው። አጎትህ የሚፈራው ግን የሕጉን መስመር ሳይሆን ከመስመሩ ውጭ ያየውን ይመስለኛል፣ እሱን «ተሳስተሃል» አልልልህም። ሌሊት ተናደህ ሼር ልታደርግ ስትል ጠዋት አድርገው።

ጥያቄ፦ በ2015 ሶሻል ሚዲያ ሲዘጋ የጫንኩት ነፃ ቪፒኤን እስካሁን ስልኬ ላይ አለ። ይኑር? (ከምስራቅ)

መልስ፦ ከየካቲት እስከ ሐምሌ፣ በቤተክርስቲያን ጉዳይ ጭቅጭቅ ሲነሳ፣ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ሲዘጉ ያልጫነ ማን አለ። ቪፒኤን የምትሄድበትን ከቴሌ ይደብቃል፣ ለቪፒኤኑ ባለቤት ግን ያሳየዋል። ሰርቨር ደግሞ በነፃ አይቆምም፣ አንተ ካልከፈልክ በሆነ መንገድ ካንተ ይወሰዳል። ስሙንም ባለቤቱንም የማታውቀው ከሆነ አጥፋው።

አንተስ?

ጥያቄ፦ በየወሩ «ሳታስፈቅዱ አትለጥፉ» ትለናለህ። ባለፈው ወር እትም ከአምድህ በላይ የወጣው ፎቶ ላይ፣ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ዓሣ ሲያጸዳ የሚታየው ልጅ ወንድሜ ነው። ጠይቀኸዋል? (ከአዲስ ከተማ)

መልስ፦ አልጠየቅኩትም።

ፎቶውን ያነሳሁት ራሴ ነኝ። ጠዋት ነበር፣ ብርሃኑ ጥሩ ነበር፣ አባ ኮዳዎቹ ከኋላው ተሰልፈው የዓሣ አንጀት ይጠብቃሉ፣ ልጁ ቢላውን አንስቷል። ስልኬን አወጣሁ፣ ተጫንኩ፣ ሄድኩ። አንቺ እስክትጽፊልኝ ድረስ ስለ ልጁ አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብኩም። አንቀጽ 28ን ጠቅሼ «ገበያ አደባባይ ነው» ልልሽ እችል ነበር፣ መልሱንም ግማሽ ድረስ ጽፌው ነበር፣ አሳፈረኝና አጠፋሁት።

ማክሰኞ አሞራ ገደል ወረድኩ። ወንድምሽን ሳገኘው ቆሮሶ ዓሣ እየሸነሸነ ነበር። መጽሔቱን አሳየሁት። እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ተቀበለኝ፣ አየው፣ ለጓደኞቹ አሳየ፣ ሳቁበት። ተቆጥቷል ብዬ ይቅርታዬን ጀመርኩ። አቋረጠኝ። ፎቶው መውጣቱ ብዙም አልከበደውም፣ ያናደደው ሸሚዙ ነው። ለዓሣ ሥራ ብቻ የሚለብሰው፣ ትከሻው ላይ የተቀደደ ሸሚዝ ነው። «ሳታነሳኝ በፊት ብትነግረኝ ሌላውን እለብስ ነበር» አለኝ።

ሌላው ሸሚዝ ሰማያዊ ነው አሉ። ለቅዳሜ ጠዋት ተቀጣጥረናል።